ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ፤ በየዕለቱ ሥራ የተገኘ ቅድስና



ስለ ንጽሕናና ስለ ቅድስና ሲነገር ስንሰማ ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው በዋሻ የተቀመጠውን ባሕታዊ ነው፤ አለዚያም ከዝሙት መራቅን ብቻ እናስባለን። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ዳሩ ግን ሙሉውን ነገር አይገልጡም። ባሕታዊውም ቢሆን ወደ ዋሻው ከመግባቱ በፊት የቤት ልጅ፣ የጎረቤት ሰው ነበረ። እኛ በደብረ ማርቆስ ከተማና በዙሪያዋ የምንኖር ወጣቶች ግን ገና ተማሪዎች፣ የገበሬ ልጆች፣ የነጋዴና የሠራተኛ ልጆች ነን። እንግዲህ ውኃ ስንቀዳ፣ ገበያ ስንወጣ፣ ፈተና ስንፈተን፣ ከባልንጀራችን ጋር ስንጣላ ቅድስና ወዴት ነው? ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

ለዚህ ጥያቄ በቃል ሳይሆን በኑሮዋ መልስ የሰጠች አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት አለች። እርሷም በጣና ሐይቅ ዙሪያ የተጋደለችው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት። ስሟን ብዙዎቻችን በየዓመቱ ኅዳር 17 ቀን ስትታሰብ እንሰማለን፤ ኑሮዋን ግን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ በዚች አጭር ጽሑፍ የሕይወቷን ታሪክ በመጠኑ ተመልክተን ለየዕለቱ ኑሯችን የሚሆነንን እንማራለን።

ልደቷና ትዳሯ

ወለተ ጴጥሮስ የተወለደችው በ1584 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። ወገናቸው ከደዋሮና ከፈጠጋር መኳንንት ስለ ነበረ ልጅቱ ያደገችው በምቾትና በክብር ነው። ለአካለ መጠን ስትደርስም መልክዐ ክርስቶስ ለሚባል ታላቅ ሹም ተዳረች። እርሱም ከ1599 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ይገዛ የነበረው የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል፣ የአማካሪዎቹም አለቃ ነበር።

በዚያ ዘመን የእንዲህ ያለ ሹም ሚስት መሆን ማለት ብዙ አገልጋይ ማዘዝ፣ በበቅሎ መሄድ፣ በወርቅና በጥሩ ልብስ ማጌጥ ማለት ነበር። ሴት ወይዘሮ ወፍጮ አትቀመጥም፤ እንስራም አታዝልም። ይህ ሁሉ የባሪያና የገረድ ሥራ ተብሎ ይናቅ ነበር። ወለተ ጴጥሮስ ግን በዚህ ቤት ውስጥ ሆና ጾምን፣ ጸሎትንና ምጽዋትን ታዘወትር እንደ ነበረ ገድሏ ይተርካል። ሦስት ልጆችም ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። የልጅ ሞት ምን ያህል መሪር እንደ ሆነ ልጅ የቀበሩ እናቶቻችን ያውቁታል። ይህ ኀዘን በሌላ ሰው ላይ ቢደርስ ልብን ሊያጨልም በቻለ ነበር፤ በእርሷ ላይ ግን የዚህ ዓለም ክብር ጥላ መሆኑን የበለጠ አስተዋለችበት። ከዚያ በኋላ ልቧ ወደ ምንኵስና አደላ።

የዘመኑ ሁኔታ

ታሪኳን በሚገባ ለመረዳት ዘመኑን በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል። ከግራኝ አሕመድ ጦርነት በኋላ ከፖርቱጋልና ከስፔን የመጡ ኢየሱሳውያን ካህናት በአገራችን ይኖሩ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ ከእነርሱ ጋር ወዳጅነት አበጅቶ ቆየና በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት መቀበሉን በግልጥ አስታወቀ። የሮማው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ በ1617 ዓ.ም. ከመጣ በኋላ ደግሞ ሕዝቡ ሁሉ ይህንኑ እንዲቀበል ታዘዘ።

ጎጃማችንም ከዚህ ነገር ሩቅ አልነበረም። የጎጃም ገዥ የነበረው የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የአዲሱ እምነት ዋነኛ ደጋፊ ነበር። በእነብሴ፣ ንግሥት እሌኒ ባሠራቻት በመርጡለ ማርያም፣ ኢየሱሳውያን በዚያ ዘመን ያነጹት የተጠረበ የድንጋይ ሕንፃ ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ይታያል። ይህን የምናነሣው በማንም ወገን ላይ ቂም ለመያዝ አይደለም። ሃይማኖት በዐዋጅና በሰይፍ ሲጫን ምን እንደሚከተል ለማስታወስ ነው፤ በዚያ ዘመን የብዙ ኢትዮጵያዊ ደም ፈስሷልና።

ከሁሉ አስቀድሞ በ1609 ዓ.ም. ጳጳሱ አቡነ ስምዖንና የንጉሡ አማች ዩልዮስ የንጉሡን አካሄድ ተቃውመው ተነሡ። ጦርነትም ሆነ፤ ሁለቱም ተገደሉ። የወለተ ጴጥሮስ ባል መልክዐ ክርስቶስ በዚህ ዘመቻ ከንጉሡ ወገን ነበር።

የጳጳሱ ልብስ

ወለተ ጴጥሮስ አስቀድሞ ከመነኮሳት ጋር ተማክራ ከባሏ ቤት በሌሊት ወጥታ ወደ ጣና ገዳማት ሸሽታ ነበር። ባሏ ግን ሠራዊት አስከትሎ ፍለጋ ወጣ፤ እርሷ የተጠጋችበትም አገር ሰው በወታደር ተጨነቀ፤ እህሉና ከብቱ ተበላ። እርሷም ድሀው ሕዝብ በእርሷ ምክንያት ሲጎዳ ባየች ጊዜ በሽማግሌዎች ዕርቅ ወደ ባሏ ተመለሰች። ልብ በሉ! ምንኵስናን ያህል የተቀደሰ ነገር ስትፈልግ እንኳ ለራሷ ጽድቅ ስትል የሌላውን ሰው ቤት ማፍረስን አልወደደችም።

ከተመለሰች በኋላ ግን አንድ ነገር ሰማች፤ የተገደሉት የአቡነ ስምዖን ልብስ በባሏ እጅ መግባቱን ዐወቀች። ከዚያች ቀን ጀምሮ የዚያን ቤት ምግብ ሰውነቷ አልቀበል አለ፤ ከባሏም ጋር በአንድ አልጋ መተኛትን ተወች። ከዚህ በኋላ አብራው ልትኖር እንደማትችል በግልጥ ነገረችው። እርሱም ሐሳቧ እንደማይመለስ ባየ ጊዜ አሰናበታት። በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ ወደ 24 ዓመት ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። ወለተ ጴጥሮስ ማንንም አልገደለችም። ልብሱንም የገፈፈችው እርሷ አይደለችም። ማንም ሰው ወንጀለኛ ናት ብሎ አልከሰሳትም፤ ዝም ብላ ብትኖር ክብሯም ሀብቷም እንደ ነበረ በቀጠለ። ነገር ግን ንጽሕና የእጅ መታጠብ ብቻ ሳይሆን በግፍ ከተገኘው ነገር ላለመካፈል መቍረጥም እንደ ሆነ ተረዳች። የተገፋ ሰው ልብስ በተሰቀለበት ቤት እንጀራ ቈርሶ መብላትና እግዚአብሔርን ማመስገን አብረው እንደማይሄዱ ሕሊናዋ ነገራት።

በርግጥ ይህ ታሪክ ትዳርን በየምክንያቱ ለማፍረስ ፈቃድ የሚሰጥ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ጋብቻን ክቡር ብላ ታስተምራለች፤ ብዙ ቅዱሳንም በትዳር ኖረው እግዚአብሔርን ደስ አሰኝተዋል። እርሷን ያስወጣት የትዳር ጥላቻ አልነበረም፤ የሕሊና ነገር ነበር።

ወፍጮና እንስራ

ከዚህ በኋላ ወለተ ጴጥሮስ መነኰሰች። በመንፈሳውያን አባቶች አማካይነትም እኅተ ክርስቶስ ከምትባል ሌላ መነኵሲት ጋር ተዋወቀች። እኅተ ክርስቶስም እንደ እርሷ ከመኳንንት ወገን ሆና ባሏንና ቤቷን ትታ የመጣች ናት። ሁለቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ወለተ ጴጥሮስ ዕረፍት ድረስ በአንድ ልብ ኖሩ። አንዷ ስትደክም ሌላዋ ታበረታታለች፤ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ታስታምማለች። የጓደኛ ምርጫ ለቅድስና ምን ያህል እንደሚረዳ ከእነርሱ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

በምንኵስናዋ መጀመሪያ ወለተ ጴጥሮስ የፈለገችው ትልቅ ስም አልነበረም። ባሪያና ገረድ ይሠራው የነበረውን ሥራ ራሷ ያዘች። ወፍጮ ተንበርክካ ትፈጫለች፤ ውኃ ትቀዳለች፤ ከጫካ እንጨት ለቅማ ትሸከማለች፤ ትጋግራለች። ሥራ ያላወቀ እጅ መጅ ሲይዝ እንዴት እንደሚላጥ፣ ሸክም ያልለመደ ጀርባም እንስራ ሲያዝል እንዴት እንደሚቆስል የገጠር ልጆች የሆንን ሁላችን እናውቃለን። እርሷ ግን ይህን ሥራ ከጸሎት ለይታ አላየችውም። ስግደቷ በቤተ ክርስቲያን ተጀምሮ በወፍጮው ላይ ይቀጥል ነበር ብንል አልተሳሳትንም።

ይህ ነገር ለእኛ ለጎጃም ልጆች እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። በደብረ ኤልያስ፣ በዲማ ጊዮርጊስና በዋሸራ ቅኔ የተማሩ ሊቃውንት ሁሉ በዚሁ መንገድ ያለፉ ናቸው። የቆሎ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቍራሽ ይለምናል፤ ለመምህሩ ውኃ ይቀዳል፤ እንጨት ይለቅማል፤ ማታ ደግሞ ቅኔውን ይቈጥራል። ትሕትናን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በጀርባው ላይ ተሸክሞ ይማረዋል። ወለተ ጴጥሮስም ከዚያ ትምህርት ቤት ተመርቃለች ማለት እንችላለን።

ፍርድና ግዞት

ንጉሡ እምነቱን ከለወጠና ዐዋጁ ከጸና በኋላ ወለተ ጴጥሮስ የአባቶቿን ሃይማኖት እንዲጠብቁ ሰዎችን በግልጥ ታስተምር ጀመር። ጦር አልሰበሰበችም፤ ያላት ቃልና የኑሮዋ ምስክርነት ብቻ ነበር። ነገሩ ንጉሡ ዘንድ ደረሰና ተጠርታ በመኳንንት ጉባኤ ፊት ቆመች። ንጉሡ በብርቱ ተቈጥቶ ሳለ ነፍሷ እንዳይጠፋ ከለመኑላት ሰዎች አንዱ የተለየችው ባሏ መልክዐ ክርስቶስ ነበር። እርሷም የተወችው ግፉን እንጂ ሰውየውን አልነበረምና፣ የተጣሉት ሰው ሊራራ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

በሌላ ጊዜም ዳግመኛ ተይዛ ቀረበች። ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ራሱ እየመጣ እምነቷን እንድትለውጥ ሊያስረዳት ብዙ ደከመ፤ እርሷ ግን ከአቋሟ ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ ዠበይ ወደሚባል፣ በሱዳን ጠረፍ ወዳለ በረሃማ ቆላ ተጋዘች። በዚያም ሦስት ዓመት ቆየች። ጠባቂዋ በመጀመሪያ እጅግ አስጨነቃት፤ በኋላ ግን ኑሮዋን አይቶ እንዳከበራት ገድሏ ይናገራል። ስለ ሃይማኖታቸው የተሰደዱ ሰዎችም ወሬዋን ሰምተው ወደ እርሷ ተሰበሰቡ። ሊያጠፏት የላኳት ቆላ የመጀመሪያው ማኅበሯ መነሻ ሆነ።

ሰባቱ ማኅበራት

ከግዞት ከተመለሰች በኋላ በጣና ዙሪያ ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተዘዋወረች ወንዶችና ሴቶች መነኮሳትን፣ መበለቶችንና ስደተኞችን ሰበሰበች። የማኅበራቷ ቍጥር ከመጀመሪያው ከዠበይ ጋር ሰባት ደረሰ፤ እነርሱም ዠበይ፣ ጫንቋ፣ ምጽሌ፣ ዘጌ፣ ደምቦዛ፣ አፈር ፈረስና ዛቦል ናቸው። ከእነዚህ ዘጌ የጎጃም ልጆች በሚገባ የምናውቀው፣ ዛሬም በገዳማቱና በቡናው የታወቀው ምድር ነው።

በማኅበራቷ ውስጥ ይህ የእኔ ነው ማለት አልነበረም። ማዕዱ የጋራ፣ ልብሱ የጋራ፣ ሥራውም የጋራ ነበር። የመኳንንት ልጅና የድሀ ልጅ ከአንድ መሶብ ይመገባሉ፤ ሥራም በየተራቸው ይሠራሉ። እርሷም የሁሉ እናት ስትሆን አርፋ የምትበላ አልነበረችም።

አንዳንድ መነኮሳት ሴት እንዴት ታስተምራለች፣ እንዴትስ ማኅበር ትመራለች ብለው እንዳጕረመረሙባት ይተረካል። የተማሩና የተከበሩት አባ ፈትለ ሥላሴ ግን ለእርሷ ተሟገቱ፤ ወንዶቹ በደከሙበት ጊዜ ያስነሣት እግዚአብሔር መሆኑን አስረድተው ዝም አሰኙአቸው። እርሷ ግን በራሷ አንደበት ለክብሯ አልተከራከረችም፤ ሥራዋን ቀጠለች።

የመከራው ዘመን እስከ 1624 ዓ.ም. ዘለቀ። በዚያ ዓመት በጦርነት ብዙ ሺህ ገበሬ ካለቀ በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ ራሱ ሐሳቡን ለውጦ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገረ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ልጁ ዐፄ ፋሲለደስ ነገሠና ወለተ ጴጥሮስን በክብር ተቀበላት። እዚህ ላይ ሌላ ፈተና መጣ፤ እርሱም የክብር ፈተና ነው። ብዙ ሰው በመከራ ጊዜ ጸንቶ በሹመት ጊዜ ይወድቃል። እርሷ ግን የንጉሥ ወዳጅነት ቤተ መንግሥት አላስቀራትም፤ ወደ ማኅበሯና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ዕረፍቷ

ወለተ ጴጥሮስ በ50 ዓመቷ ታማ ተኛች፤ በኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች። ከእነዚህ ዓመታት 26ቱን ያሳለፈችው በምንኵስና ነው። ከእርሷ በኋላ ማኅበሩን የመራችው የልብ ጓደኛዋ እኅተ ክርስቶስ ናት። ማኅበሩም ከጊዜ በኋላ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ በቋራጣ ጸና፤ የቋራጣ ገዳም በስሟ እስከ ዛሬ የታወቀ ነው።

ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የሚባል መነኵሴ፣ እርሷን ያዩና አብረዋት የኖሩ ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ፣ የነገሩትን ሰብስቦ ገድሏን በግእዝ ጻፈው። ይህ መጽሐፍ ስለ አንዲት አፍሪካዊት ሴት ሕይወት ከተጻፉት ቀደምት መጻሕፍት አንዱ በመሆኑ በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ትልቅ ቦታ ተሰጥቶታል። በ2008 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ በአሜሪካ አገር ታትሟል። ባዕድ አገር ሰው በትጋት የሚያጠናትን እናት እኛ በአገሯ ያለነው ሳናውቃት ብንቀር ምን እንባላለን?

ከእርሷ የምንማረው

የተወደዳችሁ ወጣቶች፤ ሁላችንም እንመንኵስ ማለቴ አይደለም። ወለተ ጴጥሮስ የምታስተምረን ቅድስና በየዕለቱ የሚሠራ ሥራ መሆኑን ነው። ይህንንም በአራት ነገር ለይተን ብናየው መልካም ነው።

አንደኛ፤ ከግፍ አለመካፈል ነው። በባሏ ቤት የተገኘው የጳጳሱ ልብስ ዛሬ በሌላ መልክ በየቤታችን ሊገኝ ይችላል። በፈተና ኮርጀን ያገኘነው ውጤት የሰው ልብስ ነው። በገበያ ሚዛን አጕድለን፣ ጤፉ ላይ አፈር ቀላቅለን ያተረፍነው ገንዘብ የሰው ልብስ ነው። ወንድማችን ወይም ጓደኛችን አምጥቶት ከየት መጣ ሳንል አብረን የበላነውም እንደዚሁ ነው። እኔ አልሠረቅሁም ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ከተሠረቀው አልበላሁም ማለትም ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ የተናቀውን ሥራ በደስታ መሥራት ነው። በብዙ ቤት ወንድ ልጅ መዝሙር ሲያጠና ይውልና እኅቱ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ወጥ ሠርታ ደክሟት ትቀመጣለች፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም እርሱ ጐበዝ ተብሎ ይመሰገናል፤ እርሷ ግን ዘግይታ መጣች ተብላ ትወቀሳለች። ይህ ልክ አይደለም። የመኳንንት ልጅ ወፍጮ ከፈጨች፣ ወንድ ልጅ ጄሪካን ተሸክሞ ከምንጭ ቢመለስ ክብሩ አይጐድልም፤ ይልቁንም ጸሎቱ ይሠምራል።

ሦስተኛ፤ አንደበትን መጠበቅ ነው። ወለተ ጴጥሮስ ባጕረመረሙባት ላይ አላጕረመረመችም። እኛ ግን ከቅዳሴ ወጥተን የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር ሳናልፍ ሐሜት እንጀምራለን። ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ የሰውን ስም በአንዲት ደቂቃ ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ ማጥፋት ይቻላል። ሥጋችንን ከዝሙት ጠብቀን አንደበታችንን ብናረክስ ንጽሕናችን ግማሽ ነው።

አራተኛ፤ መልካም ጓደኛ መያዝ ነው። ብቻውን የሚጸና ሰው ጥቂት ነው። ወለተ ጴጥሮስን የመሰለች ጽኑ እናት እንኳ እኅተ ክርስቶስ አስፈልጋታለች። ስንሳሳት የሚነግረን፣ ስንወድቅ የሚያነሣን አንድ ጓደኛ ካለን ብዙ ሀብት አለን። እኛም ለሌላው እንዲሁ እንሁን።

እንግዲህ ነገ ጧት ስንነሣ የምንጋደልበት በረሃ ሩቅ አይደለም። የመማሪያው ክፍል ነው፤ ገበያው ነው፤ ምንጩና ወጥ ቤቱ ነው። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችን ስንገባ እያንዳንዳችን አንድ ነገር እንጠይቅ፤ በቤቴ የተሰቀለ የሰው ልብስ አለን? ካለ ለባለቤቱ እንመልስ። ከዚያም እኅታችን የተሸከመችውን እንስራ እንቀበላት።

የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።